ፋይሉን ሳይዝ ተጠቃሚዎችን የሚያገናኘው አስተባባሪ ሰርቨር

አንድ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ መጠን ያለው ሰነድ፣ ካርታ ወይም የሥልጠና ፊልም በየአካባቢው ለሚገኙ ቅርንጫፎቹ በኢንተርኔት አማካይነት እንዲደርስ ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው መንገድ አንድ ነው። ፋይሉን በአንድ ሰርቨር ላይ ያስቀምጥና ሁሉም ከዚያው እንዲወስዱ ያሳውቃል። አሠራሩ ተቀባዮቹ ጥቂት ሲሆኑ ችግር የለበትም። የተቀባዮቹ ቁጥር በጨመረ መጠን ግን የሰርቨሩ መስመር ይጨናነቃል፤ የሁሉም ተራ ይዘገያል፤ መስመር የተቋረጠባቸውም ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ለመጀመር ይገደዳሉ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ በመሆን ከ20 ዓመታት በላይ ሲያገለግል የቆየው አሠራር የአቻ ለአቻ የፋይል ልውውጥ በመባል ይታወቃል። በእንግሊዝኛ አጠራሩ ፒር ቱ ፒር የሚባለው ይህ አሠራር የፋይሉን ጥቂት ክፍል የተቀበለ ኮምፒውተር ሁሉ ያንኑ ክፍል ለሌሎች እንዲያቀብል ያደርጋል። ይሁን እንጂ በተለያየ ከተማ፣ አንዳንዴም በተለያየ አገር የሚገኙና ፈጽሞ የማይተዋወቁ ኮምፒውተሮች እንዴት ሊገናኙ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል። ይህን ተግባር የሚያከናውነው አስተባባሪ ሰርቨር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አስተባባሪ ሰርቨር ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ እንዲሁም በአስተዳደርና በሕግ ረገድ የሚያስከትለውን ኃላፊነት ማብራራት ነው። ጉዳዩ የቴክኒክ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። አስተባባሪው የሚይዘው አጭር የአድራሻ ዝርዝር ብቻ ቢሆንም፣ ሥርጭቱ የሚጀመረው፣ የሚስተጓጎለውና በፍርድ ቤት የሚያስጠይቀው በአብዛኛው በዚሁ ዝርዝር ምክንያት ነው።

ሸክምን የማከፋፈል ስሌት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው አባባል የአቻ ለአቻ ልውውጥን መሠረተ ሐሳብ በሚገባ ይገልጸዋል። ጉዳዩን በቁጥር ለማየት የሚከተለውን ምሳሌ መውሰድ ይቻላል።

አንድ ዋና መሥሪያ ቤት መጠኑ 600 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ለ100 ቅርንጫፎች ለመላክ ፈልጓል እንበል። የመላኪያ መስመሩ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን አንዱን ቅጂ ለመላክ 8 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። አንድ መቶውን ቅጂ ብቻውን የሚልክ ከሆነ ግን 800 ደቂቃ፣ ማለትም 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልገዋል።

ቅርንጫፎቹ በተመሳሳይ ፍጥነት መቀበል የሚችሉ ሆነው እያንዳንዳቸው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ የመላክ አቅም ቢኖራቸውና የተቀበሉትን እርስ በርስ ቢለዋወጡ ሁኔታው ይለወጣል። የጠቅላላው የመላክ አቅም በሰከንድ 210 ሜጋቢት ስለሚደርስ በስሌት ደረጃ ሥርጭቱ በ38 ደቂቃ ገደማ ሊጠናቀቅ ይችላል። ይበልጥ የሚያስገርመው የቅርንጫፎቹ ቁጥር ወደ 200 ቢያድግ የሚሆነው ነው። በአንድ ሰርቨር ብቻ ሲሆን ጊዜው በእጥፍ አድጎ 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲደርስ፣ በአቻ ለአቻ ልውውጥ ግን 39 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይሆናል። ምክንያቱም እያንዳንዱ አዲስ ተቀባይ ፍላጎትን ብቻ ሳይሆን የመላክ አቅምንም ይዞ ይመጣል።

በእርግጥ እነዚህ አኃዞች ምንም መስተጓጎል እንደሌለ በመቁጠር የተሰሉ ናቸው። በተግባር ጊዜው ከዚህ ሊረዝም ይችላል። ቢሆንም የልዩነቱ አቅጣጫ አይለወጥም። ይህ ሁሉ ጥቅም ሊገኝ የሚችለው ግን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሌሎቹ የት እንዳሉ ሲያውቅ ነው።

የቀደሙት ሁለት ሙከራዎች

በዚህ ረገድ ሰፊ እውቅና ያገኘው የመጀመሪያው አገልግሎት ናፕስተር ነው። እ.ኤ.አ በ1999 በአሜሪካዊው ተማሪ ሾን ፋኒንግ የተጀመረው ይህ አገልግሎት የሙዚቃ ፋይሎችን ለመለዋወጥ የሚያስችል ነበር። ሙዚቃው በተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ማን ምን እንዳለው የሚያሳየው ማውጫ ግን በኩባንያው ሰርቨሮች ላይ ይቀመጥ ነበር። ተጠቃሚው የዘፈን ርዕስ ሲፈልግ ሰርቨሩ የባለቤቶቹን ዝርዝር ያሳየዋል፤ ከዚያም ፋይሉ ከአንዱ ተጠቃሚ ወደ ሌላው በቀጥታ ይተላለፋል።

አሠራሩ ፈጣንና ቀላል ቢሆንም የማውጫው በአንድ ቦታ መከማቸት የድክመቱም ምንጭ ሆኗል። የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ በዲሴምበር 1999 ክስ የመሠረቱ ሲሆን፣ የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2001 ኩባንያው ለተጠቃሚዎቹ የመብት ጥሰት ተጠያቂ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ናፕስተር በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ላይ የልውውጥ አገልግሎቱን አቁሟል። ሰርቨሮቹ ሲዘጉ ተጠቃሚዎቹ ሙዚቃውን እንደያዙ ቢቀሩም እርስ በርስ የሚፈላለጉበትን መንገድ አጥተዋል።

ሁለተኛው ሙከራ ከዚህ ተቃራኒ ነበር። እ.ኤ.አ በማርች 2000 ይፋ የሆነው ግኑቴላ ማዕከላዊ ሰርቨር የሌለው ነው። አንድ ኮምፒውተር ፋይል ሲፈልግ ጥያቄውን ለሚያውቃቸው ጎረቤቶቹ ይልካል፤ እነርሱም ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ። አንድ ሰው የጠፋ ከብቱን ለመፈለግ ቤት ለቤት እየዞረ እንደሚጠይቀው ማለት ነው። የሚዘጋ ማዕከል ባይኖረውም ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር ኔትወርኩ በጥያቄ ብቻ ይጨናነቅ ነበር። የመጀመሪያውን ጎረቤት ማግኘትም ራሱን የቻለ ችግር ሆኖ ታይቷል።

ከሁለቱ ልምዶች መገንዘብ እንደሚቻለው፣ ሁሉንም የሚያውቅ ማዕከል ለአደጋ ይጋለጣል፤ ማዕከል ጨርሶ የሌለው አሠራር ደግሞ ጊዜና የመስመር አቅም ያባክናል።

የቢትቶረንት አስተባባሪ

በሁለቱ መካከል የሚገኘውን መንገድ የመረጠው ቢትቶረንት ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ ብራም ኮኸን እ.ኤ.አ በጁላይ 2001 ይፋ ያደረገው ይህ የልውውጥ ሥርዓት አስተባባሪ ሰርቨሩን ትራከር ብሎ ይጠራዋል። ትራከር ማለት ተከታታይ እንደማለት ነው። የትራከር ሥራ ፋይል መያዝ ወይም በርዕስ መፈለግ አይደለም። አንድን የተወሰነ ፋይል በመለዋወጥ ላይ የሚገኙ ኮምፒውተሮችን አድራሻ መመዝገብና ለጠያቂ መስጠት ብቻ ነው።

አሠራሩን ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ጥሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አንድ መዝገብ በየትኛው ክፍል፣ በማን እጅ እንደሚገኝ ያውቃል። ፈላጊ ሲመጣ ወደዚያው ይመራዋል እንጂ የመዝገቡን ይዘት አንብቦ አያስረዳም። ትራከርም እንዲሁ ነው። እንዲያውም ስለ ፋይሉ የሚያውቀው መለያ ቁጥሩን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ርዕሱን እንኳ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ሥርጭቱን የሚጀምረው አካል በቅድሚያ ቶረንት የሚባል ትንሽ የመግለጫ ፋይል ያዘጋጃል። በመግለጫው ውስጥ የትራከሩ አድራሻ፣ የዋናው ፋይል ስምና መጠን እንዲሁም የእያንዳንዱ ቁራጭ ዲጂታል አሻራ ይገኛል። ከላይ የተጠቀሰው የ600 ሜጋባይት ፋይል እያንዳንዳቸው 256 ኪሎባይት በሆኑ ቁራጮች ቢከፈል 2400 ቁራጮች ይኖሩታል። በመጀመሪያው የቢትቶረንት አሠራር የአንዱ ቁራጭ አሻራ 20 ባይት በመሆኑ የሁሉም አሻራ ተደምሮ 48 ሺህ ባይት ብቻ ነው። ይህም በኢሜይል ሊላክ ወይም በማንኛውም ድረ ገጽ ላይ ሊቀመጥ የሚችል መጠን ነው።

ግንኙነቱ ደረጃ በደረጃ

አንድ ተጠቃሚ የመግለጫ ፋይሉን ሲከፍት የቢትቶረንት ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ወደ ትራከሩ መልእክት ይልካል። በመልእክቱ ውስጥ የሚፈልገው ፋይል መለያ፣ የራሱ መለያ፣ ጥሪ የሚቀበልበት በር ቁጥር፣ እስካሁን የላከውና የተቀበለው መጠን፣ እንዲሁም የቀረው መጠን ይገለጻል። የጠያቂውን የኢንተርኔት አድራሻ ትራከሩ ከጥሪው ራሱ ይገነዘባል።

ትራከሩም ተጠቃሚውን በመዝገቡ ውስጥ ካስገባ በኋላ ያንኑ ፋይል የሚለዋወጡ የሌሎች ኮምፒውተሮችን ዝርዝር ይመልስለታል። በተለምዶ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው እስከ 50 የሚደርሱ አድራሻዎችን ነው። በአጭር አጻጻፍ አንዱ አድራሻ ከበር ቁጥሩ ጋር 6 ባይት ብቻ ስለሚይዝ የ50 ኮምፒውተሮች ዝርዝር 300 ባይት ይሆናል። 600 ሚሊዮን ባይት የሚያጓጉዝ ሥራ በ300 ባይት ምሪት ይጀመራል ማለት ነው። አነስተኛ አቅም ያለው አንድ ኮምፒውተር እጅግ ብዙ ተጠቃሚዎችን ሊያስተባብር የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ትራከሩ ከመንገዱ ይወጣል። ተጠቃሚው በተሰጡት አድራሻዎች በቀጥታ ይደውላል፤ ማን የትኛው ቁራጭ እንዳለው ይጠይቃል፤ ልውውጡንም ይጀምራል። ወደ ትራከሩ የሚመለሰው ትራከሩ ራሱ በወሰነለት የጊዜ ልዩነት፣ ብዙውን ጊዜ በየ30 ደቂቃው ነው። ይህም መዝገቡን ለማደስ ያገለግላል። ተጠቃሚው ሲጀምር፣ ሙሉውን ፋይል ሲያገኝና ሲወጣም እንዲሁ ያሳውቃል። ሳያሳውቅ የጠፋ ተጠቃሚ ደግሞ የመታደሻ ጊዜው ሲያልፍ ከዝርዝሩ ይሰረዛል።

ወንፈልና የአሻራ ቁጥጥር

ትራከሩ ተጠቃሚዎችን ካገናኘ በኋላ በመካከላቸው ፍትሐዊ ልውውጥ መኖሩን የሚቆጣጠሩት ራሳቸው ናቸው። በገጠሩ የአገራችን ክፍል የሚታወቀው ወንፈል ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በወንፈል አንድ አርሶ አደር በጎረቤቱ ማሳ የሚሠራው ጎረቤቱም በተራው በእርሱ ማሳ እንዲሠራለት ነው። ሲጠራ የማይመጣ ሰው በራሱ ተራ ረዳት አያገኝም።

ቢትቶረንትም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየ10 ሰከንዱ ከየትኞቹ አቻዎች ይበልጥ እየተቀበለ እንደሆነ ይመዝናል፤ በተሻለ ለሚሰጡትም ቅድሚያ ሰጥቶ ይልካል። በዚህ ብቻ ቢወሰን ግን ምንም የሌለው አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚሰጠው ስለማያገኝ ከልውውጡ ውጭ በሆነ ነበር። ስለሆነም በየ30 ሰከንዱ አንድ አቻ ያለ ቅድመ ሁኔታ ተመርጦ እንዲቀበል ይደረጋል። ከዚህም ሌላ ኮምፒውተሮቹ በቡድኑ ውስጥ በጥቂቶች እጅ ብቻ የሚገኘውን ቁራጭ አስቀድመው ይወስዳሉ። ይህም የመጀመሪያው አቀባይ መስመሩ ቢቋረጥ አንድም ቁራጭ እንዳይጎድል ይረዳል።

ከማይታወቅ ሰው የተገኘ ቁራጭ እንዴት ይታመናል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በመግለጫ ፋይሉ ውስጥ ባለው አሻራ ነው። ተቀባዩ ኮምፒውተር ቁራጩን ካገኘ በኋላ አሻራውን አስልቶ ከመግለጫው ጋር ያመሳክራል፤ የማይመሳሰል ከሆነ ይጥለዋል። ቀደም ሲል ጥቅም ላይ ይውል የነበረው ኤስኤችኤ 1 የተባለው የአሻራ ስሌት ድክመት እንዳለበት እ.ኤ.አ በ2017 በተግባር በመረጋገጡ ሁለተኛው የቢትቶረንት እትም ጠንካራ በሆነው ኤስኤችኤ 256 ላይ ተመሥርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። አሻራው የሚያረጋግጠው የደረሰው ፋይል በመግለጫው ከተጠቀሰው ጋር አንድ መሆኑን ብቻ ነው። መግለጫውን ያዘጋጀው ሰው ታማኝ ስለመሆኑ ምስክርነት አይሰጥም። በመሆኑም መግለጫ ፋይሉ የተገኘው ከትክክለኛው መሥሪያ ቤት መሆኑ በሌላ መንገድ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ከራውተር ጀርባ ያሉ ተጠቃሚዎች

አድራሻ ማወቅ ብቻውን ለግንኙነት የማይበቃበት ጊዜም አለ። በስፋት ጥቅም ላይ የሚገኘው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ሊይዝ የሚችለው 4 ነጥብ 3 ቢሊዮን ያህል አድራሻዎችን ሲሆን፣ ለዓለም አቀፍ ክፍፍል የተያዘው ክምችት እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2011 ተሟጧል። በዚህ የተነሳ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚገኙ በርካታ ኮምፒውተሮች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ። በውስጥ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አድራሻ አላቸው።

ሁኔታው ከመሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ጋር ይመሳሰላል። ከውስጥ መስመር ወደ ውጭ መደወል ቀላል ነው። ከውጭ የሚደውል ሰው ግን የውስጥ መስመሩን ቁጥር ካልተናገረ ማዞሪያው ጥሪውን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ራውተርም ከውስጥ ላልተጠራ የውጭ መልእክት በሩን ይዘጋል። ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ክፍት ከሆነ ዝጉው ወገን ራሱ በመደወል ግንኙነቱን ሊጀምር ይችላል። ሁለቱም ዝግ ከሆኑ ግን አንዱ የሌላውን አድራሻ ቢያውቅም በቀጥታ ሊገናኙ አይችሉም።

ለዚህም መፍትሔ የሚሆነው ሁለቱም አስቀድመው የተገናኙት ሦስተኛ ወገን ነው። ይህ ወገን የእያንዳንዳቸው ጥሪ በየትኛው የውጭ አድራሻና በር እንደመጣ ስለሚያይ የአንዱን ለሌላው ይነግራል፤ በተመሳሳይ ጊዜም እርስ በርስ መልእክት እንዲልኩ ያደርጋል። ሁለቱም ራውተሮች ከውስጥ መልእክት መውጣቱን ስለመዘገቡ ከውጭ የሚመጣውን እንደ መልስ ቆጥረው ያሳልፉታል። ዘዴው በሁሉም የራውተር ዓይነቶች ላይ አይሠራም። በማይሠራበት ጊዜ ውሂቡን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመስመር ሸክሙ ወደ ሰርቨሩ ይመለሳል። ዛሬ በኢንተርኔት የሚደረጉ በርካታ የድምፅና የምስል ጥሪዎችም የሚጀመሩት በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ነው።

አስተባባሪው ቢቋረጥስ

ትራከሩ ሥራውን ቢያቆም ቀድመው የተገናኙት ልውውጣቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። አዲስ የሚመጣው ግን የሚገባበት በር አያገኝም። ይህን ድክመት ለመቀነስ በአንድ መግለጫ ውስጥ የበርካታ ትራከሮችን አድራሻ ማስፈር የተለመደ ነው። የተገናኙ አቻዎችም የሚያውቋቸውን አድራሻዎች እርስ በርስ እንዲለዋወጡ የሚያደርግ ዘዴ አለ።

ከዚህ የሰፋው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ በ2005 ነው። በዚያ ዓመት የቢትቶረንት ፕሮግራሞች የመዝገቡን ሥራ ለተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ማከፋፈል ጀመሩ። ፔታር ማይሙንኮቭና ዴቪድ ማዚየር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ካቀረቡት ካዴምሊያ ከተባለው ስሌት የተወሰደው ይህ ዘዴ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተርና ለእያንዳንዱ ፋይል ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ቁጥር ይሰጣል። የአንድን ፋይል ባለቤቶች ዝርዝር የሚይዙትም ቁጥራቸው ለፋይሉ ቁጥር ቅርብ የሆኑ ኮምፒውተሮች ናቸው። አንድ ትልቅ መዝገብ ቤት ተከፍሎ እያንዳንዱ ነዋሪ ጥቂት ገጾችን በኃላፊነት እንዲይዝ እንደማድረግ ነው። ጠያቂው ደረጃ በደረጃ ወደሚፈልገው ገጽ ይመራል እንጂ እንደ ግኑቴላ ሁሉንም ሰው አይጠይቅም።

በዚህ ዘዴም ቢሆን መነሻ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ኮምፒውተር ቢያንስ አንድ አባል ማወቅ ስላለበት ፕሮግራሞቹ ለዚሁ የተዘጋጁ ቋሚ አድራሻዎችን ይዘው ይመጣሉ። በመሆኑም አስተባባሪው ሥራው ይቀንሳል፣ ይከፋፈላል እንጂ ጨርሶ ይጠፋል ማለት አይቻልም።

የሕግ ተጠያቂነት

አስተባባሪ ሰርቨር ፋይሉን ባይዝም ከተጠያቂነት ነፃ ነው ማለት እንዳልሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ በ2003 በስዊድን የተቋቋመው ፓይሬት ቤይ የቶረንት መግለጫዎችን በድረ ገጹ ከማቅረቡም በላይ የራሱን ትራከር ያንቀሳቅስ ነበር። አንቀሳቃሾቹ በሰርቨሮቻቸው ላይ በቅጂ መብት የተጠበቀ ፋይል አለመኖሩን በመከላከያነት ቢያቀርቡም፣ የስቶክሆልም ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2009 በአራት ሰዎች ላይ የአንድ አንድ ዓመት እስራትና የ30 ሚሊዮን የስዊድን ክሮኖር ካሳ ወስኗል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 የሦስቱን የእስራት ጊዜ ቢቀንስም ካሳውን ወደ 46 ሚሊዮን ክሮኖር ከፍ አድርጎታል። ድረ ገጹ በኖቬምበር 2009 ትራከሩን መዝጋቱን አስታውቆ ልውውጡ በተከፋፈለው መዝገብ እንዲቀጥል አድርጓል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2005 ግሮክስተር በተባለው ኩባንያ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ማዕከላዊ ማውጫ ባይኖርም ሌሎች መብት እንዲጥሱ ሆን ብሎ የሚያነሳሳ አካል ሊጠየቅ እንደሚችል አረጋግጧል። ከእነዚህ ውሳኔዎች መረዳት የሚቻለው ሕጉ ሰርቨሩ ፋይል ያዘ አልያዘ የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ አገናኙ ለምን ዓላማ እንዳገናኘና ምን ያውቅ እንደነበር ጭምር የሚመረምር መሆኑን ነው።

በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ይህንኑ ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የደራሲያንን፣ የከዋኞችንና የአሳታሚዎችን መብት ይጠብቃሉ። የልውውጡ ቴክኒክ ራሱ ሕገወጥ አይደለም። ጥያቄው የሚነሳው በሚተላለፈው ሥራ ላይ መብት ያለው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

ለሕጋዊ ሥርጭት የሰጠው ጥቅም

አሠራሩ ለመንግሥታዊና ለሕዝባዊ ሥራ ያገለገለባቸው ምሳሌዎች ጥቂት አይደሉም። የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በጁን 2010 ኮይንስ በመባል የሚታወቀውን የመንግሥት ወጪ የመረጃ ቋት ለሕዝብ ይፋ ሲያደርግ በቢትቶረንት ጭምር እንዲሰራጭ አድርጓል። የኖርዌይ ሕዝባዊ ብሮድካስት ድርጅት ኤንአርኬ በ2008 የራሱን የቴሌቪዥን ተከታታይ ዝግጅት በዚሁ መንገድ ካቀረበ በኋላ በ2009 የራሱን ትራከር አቋቁሟል። መቀመጫው በአሜሪካ የሆነው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት አርካይቭም በኦገስት 2012 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቶረንቶችን አቅርቧል። እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ እትሞችም በዚህ መንገድ ይሰራጫሉ።

ብዙ የቢሮ ሠራተኞች ሳያውቁት የሚጠቀሙበት ምሳሌም አለ። ማይክሮሶፍት በ2015 ባወጣው ዊንዶውስ 10 ውስጥ ያካተተው የማሻሻያ ማሰራጫ ዘዴ፣ በአንድ ቢሮ ኔትወርክ ውስጥ የሚገኙ ኮምፒውተሮች የማሻሻያ ፋይል ቁራጮችን እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ያስችላል። የትኞቹ ኮምፒውተሮች ተመሳሳይ ፋይል እንዳላቸው የሚጠቁመው የኩባንያው ሰርቨር ነው። አንድ ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ለሚጋሩ 50 ኮምፒውተሮች አንድን ፋይል 50 ጊዜ ከውጭ ከማምጣት ይልቅ በአብዛኛው በውስጥ መቀባበል ያለው ጥቅም ግልጽ ነው።

ትኩረት የሚሹ ነጥቦች

አሠራሩን ለመጠቀም የሚያስብ መሥሪያ ቤት ከሁሉ በፊት የሚሰራጨውን ፋይል ዓይነት መለየት ይኖርበታል። በይፋ ለሁሉም የሚሰጥ መመሪያ፣ ካርታ ወይም የሥልጠና ፊልም ለዚህ ምቹ ነው። የዜጎችን የግል መረጃ የያዘ ወይም በምስጢር የተመደበ ሰነድ ግን በዚህ መንገድ መላክ አይኖርበትም። አንድ ጊዜ በብዙ ኮምፒውተሮች የተከፋፈለን ፋይል መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

ሁለተኛው ጉዳይ የተሳታፊዎች መታወቅ ነው። ክፍት የሆነ ትራከር የፋይሉን መለያ ይዞ ለመጣ ማንኛውም ጠያቂ የሌሎችን የኢንተርኔት አድራሻ ይሰጣል። የመብት ባለቤቶችም ሆኑ ሌሎች አካላት ወደ ዝርዝሩ ገብተው ማን ምን እየተለዋወጠ እንደሆነ መመዝገብ ይችላሉ። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት መስመር የሚደረግ ልውውጥ የሚታየው በሠራተኛው ስም ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ነው። ተሳታፊዎችን መወሰን ሲያስፈልግ ለተመዘገቡ አባላት ብቻ ዝርዝር የሚሰጥ ዝግ ትራከር ማቋቋም ይቻላል።

ሦስተኛው የኃላፊነት ድልድል ነው። የመግለጫ ፋይሉን የሚያዘጋጀውና ትክክለኛነቱን የሚያረጋግጠው ማን እንደሆነ፣ ትራከሩን የሚያንቀሳቅሰው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ትራከሩ ቢቋረጥ ተተኪው የት እንዳለ አስቀድሞ መወሰን ይገባል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቅጂ የያዘ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ መቆየትም አለበት። ሙሉውን የያዘ ከሌለና በሌሎቹ እጅ ካሉት ቁራጮች አንዱ እንኳ ከጎደለ ትራከሩ ምንም ያህል አድራሻ ቢሰጥ ፋይሉ ሊሟላ አይችልም።

በአጠቃላይ አስተባባሪ ሰርቨር የሚያከናውነው ተግባር በመጠን ትንሽ፣ በውጤት ግን ትልቅ ነው። ዕቃ አያጓጉዝም፤ ዕቃ ያላቸውንና የሌላቸውን ያስተዋውቃል። ትክክለኛ መዝገብ ሲይዝ የብዙዎች ጥቂት አቅም ተደምሮ አንዱ ብቻውን የማይወጣውን ሥራ ይሠራል። መዝገቡ ባለቤት ሲያጣ ወይም ላልተገባ ዓላማ ሲውል ደግሞ ጉዳቱ ለተገናኙት ሁሉ ይተርፋል። በመሆኑም የእንዲህ ዓይነት ሰርቨር አያያዝ ለቴክኒክ ክፍሉ ብቻ የሚተው ሳይሆን፣ እንደማንኛውም የመንግሥት መዝገብ በግልጽ ኃላፊነትና በደንብ ሊመራ የሚገባው ነው።